የሐሙስ ድስት

«ቁጥር አራት፤ ንጹሕ ዕቃ እያወጡ ደጋግመው ያጥባሉ።»

ምራቴ ትዕግሥት ይህን ስታነብ እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ በአንዱ በኩል ያዛጉት በሌላው በኩል ይሰማል። ስልኩ ጮክ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ከወዲያ ሆና የምታዳምጠው አዳማ ያለችው ልጄ የሺ ናት። ወንዱ ልጄ ደረጀም እዚያው ነው፤ ሻዩን ሲያማስል ማንኪያው ይሰማኛል። «ቁጥር አምስት፤ ፌስታልና ሲባጎ አጣጥፈው ያከማቻሉ። ቁጥር ስድስት፤ ብቻቸውን ሲሆኑ በኦሮምኛ ይቆጥራሉ።» ትዕግሥት እንደው ለማክበሩ አክብራኛለች፤ «ያጥባሉ፣ ያከማቻሉ፣ ይቆጥራሉ» እያለች ነው የምታሳብደኝ። ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፕ ስመታ የስንቱን ሰው ጥፋት በተራ ቁጥር እየደረደርኩ ጽፌያለሁ። ቁጥር የገባለት ነገር እውነት ይመስላል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን በራሴ ላይ ይደረደራል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«ቁጥር ሰባት» አለች ትዕግሥት፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሑድ ዕለት ማንም እንዳይነካው የሚሉትን ድስት በገዛ እጃቸው አውጥተው ለሥጋ ሰጡን። ሲታጠብም ራሳቸው ቋጥረው ቆለፉበት። ይኸው እስከ ዛሬ አንስተውት አያውቁም፤ ረስተውታል።»

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። የቱን ድስት? እኔ? ከስልኩ ውስጥ የሺ «ውይ እማዬ!» ስትል ሰማኋት፤ ድምጿ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። «በቃ ዛሬ ሐኪሙ የሚለውን ንገሩኝ። እናንተ ቀኑን ሙሉ ሥራ ናችሁ፤ ማን ይጠብቃታል? እኔ ጋ ትምጣ። ቤቱን ሙሉውን ልከራይ የሚል ሰው አለ አላችሁኝ አይደል? እናንተም የደረሳችሁ ኮንዶሚኒየም ትገባላችሁ።» ደረጀ «እስቲ መጀመሪያ ሐኪሙ ይያት» ብቻ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እንዳለኝ አውቃለሁ። ለደም ግፊት ነው ብለውኝ ነበር።

ውሸታሞች ናቸው አልልም። ከወር በፊት ውሃ በመጣ ቀን ቧንቧውን ከፍቼ ትቼው ወጥቻለሁ። እዚህ ከተማ ውሃ ማለት ምን እንደሆነ የሐረር ሰው ያውቀዋል፤ ስንት ቀን የጠበቅነው ውሃ እስከ ፈላና በር አስፋልት ድረስ ወርዶ ሲፈስ ጎረቤት ነው ሮጦ የዘጋው። የዚያን ዕለት ያፈርኩት ማፈር እስካሁን አልለቀቀኝም። ቁጥር አንድ እሱ እንደሆነ ሳይነበብልኝም አውቄዋለሁ። ሲያልቅ አያምር ይባል የለ! ስለዚህ ቁጥር ሰባትን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ሰጥቼስ እንደሆነ?

ድስቱ የሐዋ ድስት ነው። ሐዋ እዚሁ ሐረር አጠገብ ካለችው ኮምቦልቻ ድንች ጭና እየመጣች ጊደር መጋላ ገበያ የምትሸጥ ወዳጄ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ገበያዋን ጨርሳ እኔ ቤት ምሳዋን ትበላለች። እሷ እስላም እኔ ክርስቲያን ነን። እኔ የእሷን ሥጋ አልበላም፤ እሷም የእኔን አትበላም፤ ተጣልተንበትም ተሳስቀንበትም አናውቅም። ለእሷ አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋ፣ አንድ ቢላዋና ሁለት ሳህን ለብቻ አሉኝ፤ የእኛ ቤት ሥጋ ነክቷቸው አያውቅም። በአቡጀዲ ጨርቅ ተቋጥረው ከቡፌው ታችኛው ክፍል ይቀመጣሉ፤ ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ሐሙስ ጠዋት አወጣቸዋለሁ፣ አለቀልቃቸዋለሁ፣ ሽሮም ይሁን ምስር እሠራባቸዋለሁ። ቁጥር አራት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ትዕግሥት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ስለምትሆን ከሐዋ ጋር በወጉ እንኳ ተቀምጠው አያውቁም፤ አልፈርድባትም። ደረጀ ግን ያውቃል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እኔን ታይፎይድ ሲጥለኝ፣ ሐዋ ዐሥራ ሁለት ቀን እዚህ አድራ በዚያ ድስት አጥሚት እየሠራች ያጠጣችው እሱን ነው።

ቡፌውን ከፈትኩ። ጨርቁን ልፈታ ስል እጄ እንደ ልማዱ ከሥር ሄዶ ጫፉን ፈለገ፤ አጣው። ላይ ላዩን ስጎትተው ተፈታ። ቸኩዬ ነበርና ብዙም አላሰብኩበት። ድስቱ ታጥቧል፤ ግን ክዳኑን ሳነሳው ጠርዙ ሥር የረጋ ሞራ አለ። ጣቴን አስነካሁትና አሸተትኩት። የበሬ ሥጋ ነው። ደረጀ ደግሞ ሥጋ የሚገዛው መስቀል ከተሰቀለበት ሉካንዳ ነው፤ ከየት ሊገዛ ኖሯል።

ድስቱን ይዤ ሳሎን ገባሁ። ስልኩ ተዘግቷል፤ ወረቀቱም ከቦርሳ ገብቷል። ትዕግሥት አይታኝ ደነገጠች።

«እማማ፣ አስታወሱት?»

«ማን ነው ያወጣው?»

«ደረጀ ነው ከእጅዎ ተቀብሎ ያመጣልኝ። እንግዶቹ መጥተው ድስት አንሶን... እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። ደረጀ ብርጭቆውን እያየ ነበር። «አዎ እማዬ» አለ፤ «ሰጠሽኝ እኮ። ማታም ራስሽ ቋጥረሽ ቆለፍሽበት። ምንም አይደለም፣ አትጨነቂ።» ጫማውን አሰረና ተነሣ። «ስምንት ተኩል ላይ ከፈረስ መጋላ አደባባይ በባጃጅ እወስድሻለሁ» ብሎኝ ወጣ። ትዕግሥት ትከሻዬን ዳሰስ አድርጋኝ ተከተለችው። አዛኝ ልጅ ናት። የዚያን ጠዋት ሐዘኔታዋን ምን ያህል እንደጠላሁት ቃል የለኝም።

ብቻዬን ስቀር እሑድን ከጠዋት እስከ ማታ ለማስታወስ ሞከርኩ። ቅዳሴ፣ ጠበል፣ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች፣ ቤት ስደርስ የእንግዶች ጫማ በር ላይ... ከዚያ ወዲያ ሰው ይበዛል፣ ሳቅ ይበዛል፣ አንዱ ከአንዱ አይለይልኝም። አለመስጠቴን በምን ላረጋግጥ? ያላደረጉትን ነገር ማን ያስታውሳል? ከዚያ ደግሞ ሌላ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። በአመድ ፈትጌ፣ በፈላ ውሃ አጥቤ፣ ሽሮዬን ሠርቼ ዝም ብልስ? ሐዋ በምን ታውቃለች? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አመዱን ዘግኜ ድስቱ ውስጥ ጨምሬ ሁሉ ነበር። ግን ሐዋ እኔ ቤት ስትበላ አንድም ቀን ድስቱን ገልጣ አይታ አታውቅም። ያን ሳስብ አመዱን ደፋሁት። አቡጀዲውን አጣጥፌ ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

በፈላና በር ወደ ግንቡ ውስጥ ስገባ እንደ ሁልጊዜዬ ሰላምታ ጀመርኩ። የጌ ሰው ማለትም ሐረሪ ለሆነው ለባለ ሱቁ ለሀሚድ በሐረሪኛ፣ ሎሚ ለምትሸጠው ልጅ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ»፣ ለጡረተኛው ጎረቤቴ በአማርኛ። ሐረር ተወልዶ ሰውን በአንድ ቋንቋ ብቻ ሰላም የሚል ቤቱ ያልገረፈው ነው። ያን ዕለት ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር የትዕግሥት ድምፅ ይከተለኛል። ሎሚውን «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» ብዬ ስመርጥ ቁጥር ስድስት ነኝ። ልጅቷ የሰጠችኝን ፌስታል አጥፌ ኪሴ ስከት ቁጥር አምስት። ገበያ ቁጥርን የተማርኩት ከሐዋ ነው፤ ፌስታል ማጠፍ ደግሞ ከእጦት። ሁለቱም እኔ ናቸው እንጂ በሽታ አይደሉም ብዬ ልጮህ ፈለግሁ፤ መንገድ ላይ ብቻዋን የምትጮህ አሮጊት ደግሞ ቁጥር ስምንት ትሆናለች።

ጊደር መጋላ ከዕቃ ሻጮቹ ዘንድ ቆምኩ። የበፊቱን የሚያክል የአሉሚኒየም ድስት ሺህ ሁለት መቶ አሉኝ፤ ተከራክሬ ሺህ ላይ ቆመ። የጭልፋውና የቢላዋው ዋጋ ለብቻ ነው። ሳህን ለሌላ ሐሙስ አልኩ። በወር የማገኘው ጡረታ ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲሱን ድስት በአቡጀዲው ጠቅልዬ፣ ሳልቋጥረው አቅፌ ሐዋ ጋ ሄድኩ።

ሐዋ ድንቿ ፊት ተቀምጣለች፤ ገና ግማሹ አልተሸጠም። አዲሱን ድስት ስታይ ስሜን ጠርታ ሳቀች።

«ያ እልፌ! ማንን ልትድሪ ነው?»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። አላሳመርኩትም። ድስትሽ የእኛ ሥጋ ተሠርቶበታል፤ ሰጥተሽ ነው ይሉኛል፤ እኔ አላስታውስም፤ ዛሬ ሐኪም ሊያየኝ ነው፤ አዳማ ሊወስዱኝ ነው። አንድ ገዢ መጣ፣ መዘነችለት፣ ሄደ። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እሑድ ነው ያልሽኝ?»

«እሑድ።»

«ከዚያ ወዲህ እኔ አልበላሁም። አልሐምዱሊላህ።» አንድ ድንች አንስታ አፈሩን ጠረገች። «ሌላ ሰው ቢሆን አጥቦ ያበላኝ ነበር፤ ወላሂ። አንቺ ነገርሽኝ። ግን እልፌ፣ ዛሬ ምሳ አልመጣም። ተቀይሜሽ አይደለም፤ ልቤ እስኪረጋ ነው።»

በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ሐሙስ ናት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኳትም። እሷም ያየችኝን እንዳላየች ሆና ድስቱን ከእቅፌ ወስዳ መቋጠር ጀመረች። አቡጀዲውን ወጠር፣ ሁለቱን ጫፍ አጠላለፍ፣ አንዱን በሥር አሾልካ ከእጥፉ ውስጥ ድብቅ። የአህያ ጭነት የምታስርበት ቋጠሮ ነው፤ የማያውቅ ሰው ጫፉን ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም፤ ለሚያውቀው አንዴ ሳብ ማድረግ ይበቃል። እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ጨርቅ በሌላ አኳኋን ቋጥሬው አላውቅም። ደረጀንም ልታስተምረው ስንት ጊዜ ሞከረች! «ይኼ ልጅ እጁ ከጫማ ክር አያልፍም» እያለች ትስቅበት ነበር።

ያኔ ነው ጠዋት እጄ ከሥር ሄዶ ያጣው ጫፍ ትዝ ያለኝ። ላይ ላዩን የጎተትኩት ሁለት ጆሮ ነበረው። እንደ ጫማ ክር።

ራሴ ቋጥሬ ቆልፌ ቢሆን ኖሮ ጫፉ በቦታው በተገኘ። ሌላም ነገር ትዝ አለኝ፤ የቡፌው የታችኛው በር በላይኛው መሳቢያ ቁልፍም ይከፈታል። ይህን ያወቀው ደረጀ ነው፤ በልጅነቱ ስኳር ሲሰርቅ። ሐዋን አልነገርኳትም። «ደህና ነሽ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» አልኳት፤ እውነቴንም ነበር። አእምሮዬ ደህና ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እዚያው ድንች መሃል ተቀምጬ፣ ምነው ሰጥቼው ረስቼው በሆነ ብዬ ተመኘሁ። መርሳቱ በቀለለኝ።

ስምንት ተኩል ላይ ደረጀ ፈረስ መጋላ ቆሞ ጠበቀኝ። ባጃጁ ውስጥ ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። «ድስት» አልኩት።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ትሑት ነው። ቀኑን ጠየቀኝ፣ ወሩን ጠየቀኝ፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እያነስኩ እንድወርድ አደረገኝ። «ብርቱካን፣ ወንበር፣ ቁልፍ» ብሎ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ አለኝ። ከዚያ የትዕግሥትን ወረቀት ከደረጀ ተቀብሎ ቁጥር በቁጥር ሄደበት። ቧንቧውን አመንኩ። ፌስታሉን አመንኩ። በኦሮምኛ መቁጠሬን ሳስረዳው እሱ ራሱ ሳቀና «እኔም ገበያ ስሄድ እንደዚያው ነኝ» አለ። ሰባት ላይ ሲደርስ ረጋ ብሎ አነበበውና ቀና አለ።

«ይህንን ያስታውሳሉ እማማ? ድስቱን የሰጡበትን?»

ደረጀ አጠገቤ ነው። ሁለት መልስ አለኝ። አልሰጠሁም ካልኩ፣ ልጄ ውሸታም ነው ማለት ነው፤ እኔ በማላውቀው ሰው ፊት፣ እኔ በወለድኩት ልጅ ላይ። ሰጥቻለሁ ካልኩ ደግሞ ቤቴን ዘግቼ አዳማ ወርጄ፣ በቀረኝ ዕድሜ ሁሉ ያልሠራሁትን የረሳሁ ሆኜ ልኖር ነው። የቋጠሮውን ጫፍ ፈልጌ ሳብ አደረግሁት፤ ጨርቁ ተፈታ።

«ድስቱ ይህን ያህል ነው» አልኩት ሐኪሙን። ከዚያ ወደ ልጄ ገፋሁት። «ደረጀ፣ እስቲ መልሰህ ቋጥርልኝ። እጄ ዝሏል።»

ደረጀ ወዲያው አነሳው። አቡጀዲውን ወጠረ፣ ሁለቱን ጫፍ አጠላለፈ፣ አንዱን ጆሮ አወጣ፤ ሁለተኛውን ሊያወጣ ሲል እጁ ቆመ። ጨርቁን አየ። እኔን አየ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሐዋ የሳቀችበት ሳቅ የተሰማው መሰለኝ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ዶክተር» አለ ጨርቁን ለቆ። «ሰባተኛው ይውጣ።»

«እንዴት?»

«ስሕተት ነው። ድስቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ሳሎን ከእንግዶቹ ጋር ነበረች።»

ሐኪሙ ሁለታችንንም አየ፤ በእስክሪብቶው ሰባትን ሰረዘው። «አሁን ሦስቱን ቃላት ይንገሩኝ» አለኝ። ብርቱካን አልኩ። ቁልፍ አልኩ። መሃሉን አጣሁት። ተቀምጬበት ሳለሁ አጣሁት። ሐኪሙ ይህም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛው ልማድ ነው እንጂ በሽታ አይደለም አለ። ቤትዎን መልቀቅ ለጊዜው አያስፈልግም፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ተመልሰው ይምጡ አለኝ። ሦስት ወር የማን እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ተቀበልኩ።

ቤት ስንደርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ትዕግሥት ከሥራ ገብታ ነበርና ደረጀ በር ላይ ሆኖ በሹክሹክታ ነገራት፤ ኮምፔርሳቶውን ሁልጊዜ ይረሱታል። «ታዲያ እኔን ለምን አስጻፍከኝ?» ስትለው ሰማሁ። ጓዳ መጥታ እጄን ሳመች። አሮጌውን ድስት አንስቼ ሰጠኋት። «በይ፣ ከአሁን ጀምሮ ይኼ የቤቱ ነው» አልኳት። አቅፋው ወጣች።

ቡፌው ፊት ቁጭ ብዬ አዲሱን ድስት ልቋጥር ስል ደረጀ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። እንደ ልጅነቱ ነው የተንበረከከው፤ ፀጉሩ መሃል ላይ ሽበት አየሁ። የመሳቢያውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው እማዬ። እንግዳ ፊት ሆኖብኝ... በኋላ ደግሞ እሷ ስትጽፈው ዝም አልኩ። ዝም ካሉ በኋላ መመለሻው ይጠፋል።»

«አዎ፣ ይጠፋል» አልኩት።

ከዚያ የጨርቁን አንድ ጫፍ ያዘ። «እስቲ ቋጠሮውን አሳዪኝ» አለ። «የሐዋን። አሁን እማር ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ልጄ ነው፤ ፊቱን አውቀዋለሁ። እጄ ጀመረ፤ ሁለቱን ጫፍ አጠላለፍኩ፣ አንዱን በሥር አሾለክኩ። ከእጥፉ ውስጥ ልደብቀው ስል አቆምኩ። ካሳየሁት፣ ሌላ ጊዜ እሱ እንደፈታው በምን አውቃለሁ?

ጨርቁን ፈታሁት።

«ነገ አሳይሃለሁ» አልኩት፤ እስኪነሣም ጠበቅሁ።